ንስሐ ከየት ይጀምራል?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ብዙዎቻችን ንስሐ ሲባል ትዝ የሚለን በንስሐ አባታችን ፊት ቀርበን የምንናዘዝበት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። መምህራኑ ግን ነገሩን ሰፋ አድርገው ያስተምሩታል፦ በሠሩት ማዘን፣ ለካህን መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም፣ የበደሉትንም መካስ። ሰው ከራሱ፣ ከእግዚአብሔርና ከባልንጀራው ጋር በእውነት መኖርን የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይጸናም።

ከሦስቱ የሚከብደው ከራስ ጋር በእውነት መኖር ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት አንድ ምሳሌ ይነግረዋል፦ ብዙ ከብት ያለው ባለጠጋ የድኻውን አንዲት በግ ነጥቆ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት በቁጣ ነዶ ሰውየው ሞት ይገባዋል ሲል ፈረደ። የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለው ይህ ንጉሥ በዳዩ ራሱ መሆኑ የገባው ናታን በግልጥ ሲነግረው ነው። እኛም የሰው ጥፋት ፈጥኖ ይታየናል፤ ለራሳችን ጥፋት ግን ስም እናወጣለታለን። ሐሜቱን «ጨዋታ»፣ ጉቦውን «የሻይ»፣ ንፉግነቱን «ቁጠባ» እንለዋለን።

ሁለተኛው ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ነው። «እግዚአብሔር ሁሉን ካወቀ መናገሩ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ኑዛዜው የሚያስፈልገው ተናዛዡ መሸሸጊያ እንዲያጣ ነው። «ኃጢአቴ ብዙ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይከብድም፤ «የወንድሜን የውርስ ድርሻ ደብቄአለሁ» ማለት ግን ያስጨንቃል። «ባለቤቴ አናድዳኝ ነው» ብሎ የሚጀምርም የሚናዘዘው የሚስቱን ኃጢአት ነው። ካህኑ የሰማውን ለማንም ማውጣት ስለማይፈቀድለት፣ ጥፋትን በስሙ ለመጥራት ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም።

ሦስተኛው ከሰው ጋር ያለው ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ሰውን የበደለ ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውን እንዲመልስ፣ በላዩም አንድ አምስተኛ እንዲጨምር ያዝዛል፤ በዚህ ሒሳብ 100 ብር የወሰደ 120 ብር ይመልሳል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ከዚያም አልፎ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል። ጌታችንም በተራራው ስብከት፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት ነገር እንዳለ ካሰበ መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ብሎ አስተምሯል። የሰው ገንዘብ ይዞ ስግደት ማብዛት እንግዲህ ዕዳውን አይከፍልም።

ይሁንና እውነት ሁሉ በችኮላ አይነገርም። የራስን ኅሊና ለማቅለል ሲባል የሌላውን ትዳር ወይም ስም የሚያፈርስ ነገር ካለ፣ አስቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ያስፈልጋል። የተበደለው ሰው ፊት ብቻውን መቅረብ የከበደው ደግሞ ሽማግሌ ይላክ፤ ወጋችን ነው።

ለመጀመር የጾም ወቅት አይጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ ጥፋትዎን ያለ ማመካኛ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከጎኑም የተጎዳውን ሰው ስም ያስፍሩ። ነገ ለንስሐ አባትዎ ይደውሉ። የሚመለስ ገንዘብ ካለም አብረው ያዘጋጁ።