ስለ መዥገርና ስለ መከላከያው፤ የእረኛው ልማድና የዛሬው ዕውቀት

ከብት በሚረባበት አገር ሁሉ መዥገር የታወቀ ነው። ስለ ከብት አረባብ የሚጽፉ ሰዎች ግን ስለ በሬው ቀለም፣ ስለ ቀንዱ አወጣጥና ስለ ላሚቱ ወተት ብዙ ሲናገሩ፣ መዥገሩን በአንድ መስመር ያልፉታል። ለዚህም አንዱ ምክንያት መዥገርን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ከብት የሚጠብቁት ልጆችና ላም የሚያልቡት ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ጠያቂው በአብዛኛው የሚቀመጠው ከሽማግሌዎች ዘንድ በመሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ሳይጻፍ የቀረው ዕውቀት ቀላል አይደለም፤ ከብቱን ብቻ ሳይሆን በሜዳ የሚውለውን ሰውም የሚጠብቅ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የመዥገርን ጠባይ፣ ቀጥሎ የከብት ጠባቂዎችን ልማድ፣ ከዚያም ከልማዱ የትኛው በምርመራ እንደ ጸናና የትኛው እንዳልጸና እንመለከታለን። በመጨረሻም ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ራሱን እንዴት እንዲጠብቅ እንደሚገባው እንገልጻለን።

፩. ስሙና ጠባዩ

በአማርኛ መዥገር የምንለውን ትግርኛ ተናጋሪዎች ቁርዲድ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ሲልሚ ይሉታል። ከሰው ተጣብቆ አልላቀቅ ያለውን ሰው በአማርኛ «እንደ መዥገር ተጣበቀ» እንላለን። ይህ አነጋገር የተባዩን ጠባይ በትክክል የተመለከተ ነው። ትንኝና ቁንጫ ነክሰው ወዲያው ይሄዳሉ፤ መዥገር ግን አፉን ከቆዳው ውስጥ ካስገባ በኋላ ከአፉ በሚያወጣው እንደ ሙጫ በሚደርቅ ፈሳሽ ራሱን ያጣብቃል፤ ጠግቦ እስኪወድቅ ድረስም ለብዙ ቀን በዚያው ይቆያል።

መዥገር ወገኑ ከሸረሪት እንጂ ከዝንብና ከቁንጫ አይደለም። ከዕንቁላሉ ሲፈለፈል ስድስት እግር ብቻ አለው፤ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ ስምንት እግር ያበቅላል። እንደገና ጠጥቶና ቆዳውን ለውጦ ሙሉ መዥገር ይሆናል። አንዳንዱ ዓይነት ይህን ሁሉ ዕድሜ በአንድ እንስሳ ላይ ይፈጽማል፤ አንዳንዱ ደግሞ በየደረጃው ወደ መሬት እየወረደ ሌላ እንስሳ ይፈልጋል። የጠገበችው እንስት በመጨረሻ ከእንስሳው ወርዳ በሺዎች የሚቈጠር ዕንቁላል ጥላ ትሞታለች።

መዥገር አይበርም፣ አይዘልምም። አብዛኛው በሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፈውን ይጠብቃል። በፊት እግሮቹ ላይ ያለው የስሜት ሕዋስ የእንስሳን ትንፋሽና ሙቀት ያስታውቀዋል። በአገራችን ከብት ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ፣ ሊቃውንት አምብሊዮማ ቫሪዬጋቱም የሚሉት፣ ወንዱ በጀርባው ላይ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ትልቅ መዥገር ነው። የዚህ ዓይነቱ ሙሉ መዥገር ግን በሣር ላይ መጠበቅ ብቻ አይበቃውም፤ ትንፋሽ ሲሸተው ከመሬት ተነሥቶ በእግሩ ወደ ተኛው እንስሳ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሞ ከሚያልፈው ሰው ይልቅ መሬት ላይ ለረዥም ጊዜ የተቀመጠው ሰው ለእርሱ ይመቸዋል።

፪. የከብት ጠባቂዎች ልማድ

የመጀመሪያውና በሁሉም ዘንድ የሚገኘው ልማድ በእጅ መልቀም ነው። ከብቱ ወደ በረት ሲገባ ወይም ላሚቱ ስትታለብ፣ ግቷ፣ ብሽሽቷ፣ ፍርምባዋ፣ የጅራቷ ሥርና የጆሮዋ ውስጥ ይፈተሻል፤ የተገኘውም ተነቅሎ ይገደላል። ልምድ ያለው ሰው የከብቱን ገላ በሙሉ አይመለከትም፤ እጁ በቀጥታ ወደነዚህ ቦታዎች ይሄዳል።

ሁለተኛው መስክ ማቃጠል ነው። በቦረና ዘንድ በበጋ መጨረሻ ሣሩን ማቃጠል የቆየ ሥርዓት ነበር። በዚህም ሦስት ጥቅም ይፈለግ ነበር፤ አዲስ ሣር እንዲበቅል፣ ቁጥቋጦ እንዳይስፋፋና መዥገር እንዲቀንስ።

ሦስተኛው የወፎች እርዳታ ነው። ዶሮዎች በግቢ ውስጥ በተኙት ከብቶች መካከል እየተዘዋወሩ መዥገር ይለቅማሉ። በመስክ ደግሞ አፉ ቀይ የሆነ፣ በከብት ጀርባ ላይ የሚውል ወፍ አለ። ይህ ወፍ በሳይንስ ዓለም የታወቀው ከኢትዮጵያ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1814 በታተመው በሄንሪ ሶልት የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ሎርድ ስታንሌይ የሳይንስ ስም ሰጠው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

፫. ልማዱ በምርመራ ሲመዘን

በእጅ መልቀም ከሁሉ የጸና ሆኖ እናገኘዋለን። እጅ የሚሄድባቸው ቦታዎች መዥገሮቹ በእርግጥ የሚመርጧቸው ናቸው። አምብሊዮማ በግት፣ በብሽሽትና በፍርምባ ይጣበቃል፤ ሪፒሴፋሉስ ኤቨርትሲ የተባለው ደግሞ በሕፃንነቱ በጆሮ ውስጥ፣ ሲያድግ በጅራት ሥር ይገኛል። ከዚህም በላይ ጥቂት ቀን ደም የጠጣው የአምብሊዮማ ወንድ ሌሎችን ወደዚያው ቦታ የሚጠራ ሽታ ያወጣል። ስለዚህ አንዱን በጊዜ የነቀለ ሰው ተከትለው የሚመጡትንም አስቀርቷል ማለት ነው። ይህ ካልተደረገ ረዥሙ የአምብሊዮማ አፍ የጡቱን ጫፍ ያቆስላል፤ ቁስሉም ሲመረቅዝ ጡቱ ወተት መስጠት ያቆማል፤ ቆዳውም በጠባሳ ዋጋው ይቀንሳል።

መስክ ማቃጠል በሣሩ ላይ ያሉትን መዥገሮች ያጠፋል፤ በመሬት ስንጥቅና በከብቱ ላይ ያሉት ግን ይተርፋሉ። ጥቅሙ ጊዜያዊ ቢሆንም ቁጥቋጦውን በመግታት የመዥገርን መጠለያ ያጠባል። መንግሥት በ1970ዎቹ ዓመታት ማቃጠልን ከከለከለ በኋላ በቦረና ምድር ቁጥቋጦ በሰፊው መስፋፋቱ ተመዝግቧል። ለዚህ የግጦሽ ብዛትና ሌላም ምክንያት አብሮ ቢጠቀስም፣ የእሳቱ መከልከል ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች እሳቱን እንደ ጥፋት ብቻ ተመለከቱት፤ ከብት ጠባቂው ግን መስኩን የሚያጸዳበት መሣሪያው ነበር።

ዶሮዎችን በተመለከተ፣ በኬንያ ተመርምሮ በ1991 በታተመ ጥናት ከብት መካከል የዋሉ ዶሮዎች ሆዳቸው ሲታይ ብዙ መዥገር ተገኝቶበታል። የአፈ ቀዩ ወፍ ነገር ግን ያጠራጥራል። በዚምባብዌ ተደርጎ በ2000 በታተመ ምርመራ ወፉ እንዳይደርስባቸው የተጠበቁት በሬዎች ከሌሎቹ የበለጠ መዥገር አልተገኘባቸውም፤ ወፉ የከብቱን ቁስል እየወጋ ደም ሲጠጣም ታይቷል። ስለዚህ ወፉን ወዳጅ ብቻ ወይም ጠላት ብቻ ማለት አይቻልም።

መድኃኒት መርጨትም ብቻውን አይበቃም። ከብት ይነከርበት የነበረውን ቶክሳፌን የተባለውን መድኃኒት የምዕራብ ኢትዮጵያ መዥገሮች እንደ ተቋቋሙት በ1993 በታተመ ጥናት ተገልጿል። መድኃኒቱ ሲደክም እንኳ የለቃሚው እጅ ሥራውን አያቆምም።

፬. በሰው ላይ የሚመጣው በሽታ

በአዲስ አበባ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሬይስ ጉትፍሮይንድ በ1955 የተስቦን ተሕዋስ ራሱን ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳትና ከመዥገሮቻቸው አገኘሁ ብለው ጻፉ። ተስቦ በቅማል ብቻ የሚተላለፍ ሆኖ ይታወቅ ስለ ነበር ነገሩ በብዙ አገር ሊቃውንትን አነጋገረ። በኋላ ቡርግዶርፈርና ጓደኞቻቸው የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምረው ውጤቱን በ1973 አሳተሙ። የተስቦውን ተሕዋስ አላገኙም፤ በምትኩ ከእርሱ ጋር የሚዛመድ ሌላ ወገን በብዛት አገኙ። ይህ ወገን በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተብሎ ተሰየመ፤ በ1966 በኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተለቀመ አምብሊዮማ የተገኘውም ዘር ከዚሁ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ተሕዋስ በሰው ላይ የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ከተነከሰ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሥጋ ሕመም ይመጣል፤ በተነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይታያል፤ በአጠገቡም ንፍፊት ያብጣል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። በሽታው እምብዛም አይገድልም፤ ዶክሲሳይክሊን በተባለው መድኃኒትም ይድናል። ችግሩ ወባ ባለበት አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ መስሎ መታየቱ ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው በሜዳ መዋሉንና መዥገር ነክሶት እንደ ነበር ለሐኪሙ መናገር፣ ቁስሉንም ማሳየት አለበት። እረኛ ልጅ ሲታመምም ገላው ይታይ፤ ልጁ መዥገርን ስለ ለመደው ሳይጠየቅ አይናገርም።

፭. ወደ ገጠር ለሚወጣ ሰው

ከላይ ከተነገረው እንደምንረዳው የእረኛው ልማድ በሁለት ነገር ይጠቀለላል፤ መዥገር የሚገኝበትን ቦታ ማወቅና ገላን በየቀኑ መፈተሽ ናቸው። ይህ ለሰውም ይሠራል።

ስለ ቦታው፣ የጠገበ መዥገር የሚወድቀው ከብት በሚያርፍበት ነው። በቀትር ከብቱ ተኝቶ የሚያመሰኳበት የዛፍ ጥላ፣ የውኃ መጠጫው ዳርና የበረቱ ዙሪያ ይጠረጠራሉ። ተመራማሪው ደግሞ ለጥያቄው የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ያንኑ ጥላ ነው። በዚያ መቀመጥ ግድ ከሆነ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በበርጩማ ወይም በድንጋይ ላይ መቀመጥ ይሻላል። ሲጓዙም በረዥም ሣርና በቁጥቋጦ መካከል ከማቋረጥ በመንገዱ መካከል መሄድ ይገባል።

ስለ ልብስ፣ የሱሪን ጫፍ በካልሲ ውስጥ ማስገባት መዥገሩ ወደ ገላ የሚገባበትን በር ይዘጋል። ነጭ ልብስ የሚሄደውን መዥገር ቶሎ ያሳያል። ልብስን በፐርሜትሪን መንከር፣ በተገለጠው ገላ ላይም ዲት ያለበትን ቅባት መቀባት ይረዳል፤ ፐርሜትሪን ግን በልብስ እንጂ በገላ ላይ አይደረግም።

ማታ ልብስን አውልቆ ብብትን፣ ወገብን፣ ብሽሽትን፣ ቋንጃንና የጆሮን ጀርባ፣ በልጆችም የራስ ጠጕርን መፈተሽ ያስፈልጋል። የተጣበቀ ከተገኘ፣ ለእሾህ ማውጫ በምናውቀው ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙና ሳይመነጭቁ ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ቦታውና እጅ ከዚያ በሳሙና ይታጠባሉ። በፍም ማስነካት፣ ላምባ ወይም ቅቤ መቀባት በብዙ አገር የሚደረግ ቢሆንም አይመከርም፤ እሳቱ ቆዳን ያቃጥላል፣ ቅባቱም መዥገሩ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል። የተነቀለውንም በጣት ማፍረጥ አይገባም፤ በመዥገር ደም ውስጥ ያለው በሽታ በተሰነጠቀ ቆዳ ሊገባ ይችላልና። የተነከሱበትን ቀን በማስታወሻ መጻፍ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

፮. ሊሰበሰብ የሚገባው

ተማሪዎች በየአገራቸው የሚከተለውን ቢጠይቁ ለጥናቱ ታላቅ እርዳታ ይሆናል። ለመዥገር በየዓይነቱና በየዕድሜው ልዩ ስም አለን? መልቀም የማን ሥራ ነው፣ በየትኛውስ ሰዓት ይደረጋል? መዥገር የሚበዛበት ወርና ቦታ የትኛው ነው ይባላል? መስክ ይቃጠል የነበረው በማን ፈቃድ ነበር፣ ከቆመስ በኋላ ምን ታየ? ሰው ሲነከስ ምን ይደረጋል፣ ከንክሻው በኋላ የሚመጣው ትኩሳትስ የራሱ ስም አለው?

ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ ወደ እረኞቹ ይሂድ። ዛሬ ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ከብት የሚጠብቀው ሰው እየተለወጠ ነው፤ መማራቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ በመስክ የሚገኘው ዕውቀት ግን ተቀባይ እንዳያጣ መጻፍ አለበት።