የማይጋሩት ሸክም፦ የመርከብ ካፒቴን

የሀብሩ ገበሬ ለመስኖ ሽንኩርቱ የሚጠብቀው ዩሪያ መርሳ ከመድረሱ በፊት ባሕር ተሻግሯል፤ ወልዲያ ማደያ ላይ የሚቀዳው ነዳጅም እንዲሁ። ከጅቡቲ የሚያመጣውን የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉም ያውቀዋል። ጭነቱን ከወደብ ወደብ ያደረሰውን የመርከብ ካፒቴን ግን የሚያነሣው የለም። የካፒቴኑ ኃላፊነት የከበደው መርከቡ ግዙፍ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ለሌላ ሊያስተላልፈው ስለማይችል ነው። ስለዚህ ተጠያቂ የሚያደርገው ሁሉ የመወሰን ሥልጣኑንም ሊያከብርለት ይገባል።

ሸክሙ የሚጀምረው መርከቡ ገና ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ ደመና ሲያንዣብብ የጭነት ክፍሎቹ ክዳን መዘጋት አለበት፤ ሥራው በቆመ ቁጥር ግን ወጪ ስለሚቆጠር ጫኚውም መርከቡን የተከራየውም ያጉረመርማሉ። ስንዴ ደግሞ ካልተደላደለ አደገኛ ነው፤ ማዕበል መርከቡን ሲያጋድለው እህሉ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፣ መርከቡም ሊገለበጥ ይችላል። ጭነቱ ሲያልቅ በመርከቡ ፊት፣ መሐልና ኋላ በሁለቱም ጎን የተጻፉት የጥልቀት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ ከዚያ ስንት ቶን እንደተጫነ ይሰላል። ስሌቱን መኮንኖቹ ይሠሩታል፤ የጭነት ሰነዱ የሚፈረመው ግን በካፒቴኑ ወይም በእሱ ስም ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በአሰብ በኩል ለወሎ የገባው የእርዳታ እህልም እንዲህ ባሉ ሰዎች ኃላፊነት ነበር ባሕሩን ያቋረጠው።

ዛሬ ሳተላይት አለ፣ ኩባንያው በስልክ ያዝዛል፣ ወደብ ሲደረስ አካባቢውን የሚያውቅ ፓይለት ይሳፈራል፤ ታዲያ ኃላፊነቱ ለምን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ‹ኤቨር ጊቨን› የተባለችው 400 ሜትር መርከብ ስዊዝ ካናልን ለ6 ቀናት ስትዘጋ ሁለት የካናሉ ፓይለቶች ተሳፍረውባት ነበር። በስዊዝ ደንብ ግን ፓይለት አማካሪ ነው፤ ተጠያቂው ካፒቴኑ ነው። ፓናማ ካናል ላይ አሠራሩ ይለያል፤ እዚያ መርከቡን የሚያዝዘው ፓይለቱ ነው። ይህ ልዩነት ክርክሬን ያጠናክረዋል፤ የትም ቢሆን በአደጋ ሰዓት የመጨረሻውን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል። በጭጋግ ውስጥ ድምፅ ተሰጥቶ መሪ አይዞርም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ‹ካፒቴኑ የሌሎችን ጥፋት ይሸከማል› የሚለው ነው። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ‹ኮስታ ኮንኮርዲያ› ጣሊያን ዳርቻ ላይ ስትጋጭ 32 ሰዎች ሞቱ፤ ተሳፋሪዎቹ ሳይወጡ መርከቡን ጥሎ የሄደው ካፒቴን 16 ዓመት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ነዳጅ የጫነችው ‹ፕሬስቲጅ› ተጎድታ መጠጊያ ስትፈልግ የስፔን ባለሥልጣናት ከዳርቻው አራቋት። ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች፤ ካፒቴኗ ግን 83 ቀን ታሰረ። ይህን ፍትሕ ልለው አልችልም። መፍትሔው ካፒቴኑን ከተጠያቂነት ማውጣት ሳይሆን፣ ውሳኔውን የነጠቀው አካል አብሮ እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ታይታኒክ ከሰጠመች በኋላ የተወለደው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነትም ዛሬ፣ ባለቤቱም ሆነ ተከራዩ ካፒቴኑ ለሰው ሕይወት አስፈላጊ ነው ያለውን ውሳኔ እንዳያደናቅፍ ይከለክላል።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የመርከብ ድርጅቷ እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። ወደቦቿን ካጣች በኋላም ሰንደቋን ያነገቡ መርከቦች አላት፤ ባሕር ዳር ላይም የመርከብ መኮንኖች ይሠለጥናሉ። ከወልዲያ ወይም ከመርሳ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ሥልጠናው የሞተር ክፍል ነው ወይስ የመርከብ አመራር? የሞተር መኮንን እስከ ዋና መሐንዲስነት ያድጋል። ካፒቴን የሚሆነው ግን ከሦስተኛ መኮንንነት ጀምሮ ዓመታት በአመራር ክፍሉ ተረኛ ሆኖ የቆመው ነው።