ስለ ፍሬን ማስተር ሲሊንደርና ስለ ሰርቮ አገጣጠም

ከኩታበር ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሐረጎን ቁልቁለት ያውቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይሁን እንጂ ሾፌሩ በእግሩ የሚረግጠው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔም አጎቴ በአሮጌ ላዳቸው ይዘውኝ ሲወርዱ ፍሬኑ እስኪከዳን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ላዳ በኢጣሊያው ፊያት 124 አምሳል እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ፣ በአዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት ብዙ ዘመን ያገለገለ መኪና ነው። የአጎቴ ላዳ መርገጫው እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ሲረገጥም የነፋስ ድምፅ ማሰማት ስለ ጀመረ፣ ሰርቮውና ማስተር ሲሊንደሩ በሌላ ተለወጡ። በማግሥቱ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ገና እኩሌታው ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ጥቂት እንደ ሄድን አጎቴ፣ «ልጄ፣ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አሉ። መርገጫው እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ መኪናው የሚይዘውም በጭንቅ ሆነ። እርሳቸው ግን ሳይደናገጡ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ ቀንሰው፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳቡ፣ ከገደሉ አርቀው ወደ ተራራው ጥግ አስጠግተው አቆሙ። በፊተኛው ቸርኬ ላይ ጠብ ያደረግነው ውሃ ተንጨርጭሮ ጠፋ። የሚያስገርመው ግን አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሬኑ እንደ ገና መያዙ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከመርገጫው እንጀምር። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። ሾፌሩ በ20 ኪሎ ኃይል ቢረግጥና መርገጫው በማንሻነቱ አምስት እጥፍ ቢያደርገው፣ በማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን ላይ 100 ኪሎ ያርፋል። የፒስተኑ ስፋት 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዘይቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 33 ኪሎ ያህል ግፊት ይኖራል። ይህ ግፊት በቀጭን ቱቦ ሄዶ በጎማው ዘንድ 18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ፒስተን ሲያገኝ 600 ኪሎ ያህል ይሆናል። በላዳ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ አንዱ ለፊት ጎማዎች፣ ሁለተኛው ለኋላ ጎማዎች ነው። ያን ዕለት የፊተኛው ሲከዳን መኪናውን በጭንቅም ቢሆን የያዘልን የኋለኛው ሳይሆን አይቀርም።

ሰርቮ ወይም ቡስተር የሚባለው በመርገጫውና በማስተር ሲሊንደሩ መካከል የሚገጠም ድስት የመሰለ ክብ ዕቃ ነው። ውስጡ በስስ የጎማ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ በሚስብበት ጊዜ ከሁለቱም ክፍል አየር ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ ግን ከኋላ በኩል ባልቦላ ይከፈትና የውጪው አየር ገብቶ ግድግዳውን ወደ ፊት ይገፋል። እንግዲህ ሰርቮን የሚያበረታው የውጪ አየር ክብደት ነው። በአሰብ ጠረፍ አየሩ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ሲከብድ በደሴ ከ0.8 ኪሎ በታች ነው። ስለዚህ በአሰብ 200 ኪሎ ገደማ የሚያግዝ ሰርቮ በደሴ 120 ኪሎ ገደማ ብቻ ቢያግዝ አያስደንቅም። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉ ሾፌሮች ደግሞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ይህችኑም እርዳታ ያጣሉ።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንመለስ። ቀስ ብለን በአንደኛ ማርሽ ኮምቦልቻ ከደረስን በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ በእጁ ሊያዞራቸው ቢሞክር አልዞር አሉት። ማስተር ሲሊንደሩን ከሰርቮው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ዳዶዎች ጥቂት ቢያላላቸው ጊዜ ጎማዎቹ ወዲያው ተፈቱ። ከሰርቮው የሚወጣው ገፊ ዘንግ ረዝሞ ስለ ተገጠመ፣ እግር ቢነሣም እንኳ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም ነበር። ፒስተኑ ካልተመለሰ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ትዘጋለች። ዘይቱም ሲሞቅ እየሰፋ ፍሬኑን ራሱ ይይዘዋል፤ በያዘ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። ሰው የጫነ ላዳ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚያጠፋው ኃይል ከ20 ሊትር የማያንስ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ካልተካፈሉት ሁሉም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ነገር ግን ከአየር ውስጥ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ይጨመቃል። መርገጫው ወለል የነካው፣ ከቀዘቀዘ በኋላም የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መካኒኩ ሥራውን እንደ ገና ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ተመለከትሁ። በመጀመሪያ የገፊውን ዘንግ ጫፍና የፒስተኑን ጥልቀት ለክቶ፣ በመካከላቸው ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ክፍተት እንዲኖር በዘንጉ ጫፍ ያለውን ብሎን አስተካከለ። ክፍተቱ ሲበዛ መርገጫው በከንቱ ይወርዳል፤ ጨርሶ ሲጠፋ የእኛን ዕጣ ያመጣል። ከዚያ ማስተር ሲሊንደሩን በሞርሳ አስሮ፣ አዲስ ዘይት ሞልቶ፣ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም ድረስ ፒስተኑን በዝግታ ገፋ። ይህን ሳያደርጉ የሚገጥሙ ብዙዎች ናቸው፤ በኋላ ግን አየሩን ከቱቦው ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ገጥሞ ሲጨርስ ከሩቁ የኋላ ቀኝ ጎማ ጀምሮ እስከ ፊት ግራው ድረስ በየተራ አየሩን አስወጣ። የሞተር ዘይት ወደ ፍሬን ማጠራቀሚያው ፈጽሞ አይጨመርም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋልና። የፍሬን ዘይትም በቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል፤ የአጎቴ ላዳ ኮፈን ላይ ይህ ምልክት አለ።

በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍቶ አምስት ስድስት ጊዜ ረገጠ። ከዚያ እግሩን ሳያነሣ ሞተሩን ሲያስነሣ መርገጫው ጥቂት ዝቅ አለ፤ ሰርቮው መሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በሳምንቱ እንደ ገና ከደሴ ወረድን፤ አጎቴም ከላይ ጀምረው ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ወርደው እጃቸውን ወደ አራቱም ቸርኬ እያስጠጉ ዞሩ። የፊተኞቹ ሞቅ፣ የኋለኞቹም ለብ ብለው ነበር እንጂ እጅ የሚፈጅ አልነበረም።