ወርቁ ቀለሙን ስለለወጠ ብቻ ምርመራ ተገኘ አይባልም

ስለ ቤተ ሙከራ ሥራዬ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቼ ሳወራ ሁሌ የሚገርማቸው አንድ ነገር ነው፦ ወርቅ ቀይ መሆኑ። ስፋታቸው 13 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ተበታትነው ሲቆዩ ፈሳሹ ቀይ ነው። ሲጣበቁ ግን ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ቀለም በ1857 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል።

ሰልፈር ከወርቅ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ስለዚህ በሰውነታችን ያሉ እንደ ሲስቴይንና ሆሞሲስቴይን ያሉ ሰልፈር አዘል ውህዶች ቅንጣቶቹን ሊያጣብቋቸው ይችላሉ። ሆሞሲስቴይን ደም ውስጥ መብዛቱ የፎሌት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። የፎሌት እጥረት ደግሞ ከጽንስ የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ችግር ጋር የተያያዘ ነው፤ አገራችን ስንት እናት በዚህ አልቅሳለች! በዓይን የሚነበብ ርካሽ ምርመራ ቢኖር ብሎ የማይመኝ ማን ነው? እኔም ተመኘሁ።

በንጹሕ ውኃ የበጠበጥኩትን ሲስቴይን ጠብ ሳደርግ ቀዩ ሰማያዊ ሆነ። ፈነጠዝኩ። ሽንት ሞከርኩ፤ አሁንም ሰማያዊ። ግን የጨው ውኃ ብቻ ስጨምርም ያው ሰማያዊ! ለካ ጨው ብቻውን ያጣብቃቸዋል። በደም ፕላዝማ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። ሲስቴይን ብጨምርበትም ቀዩ ንቅንቅ አላለም፤ አልቡሚንና ሌሎች ፕሮቲኖች ወርቁን ሸፍነውት ነበር።

ይህ ቢፈታ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። በጤነኛ ሰው ፕላዝማ ሆሞሲስቴይን በሊትር ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል ገደማ ሲሆን ሲስቴይን ግን ከ200 በላይ ነው። አብዛኛው ሆሞሲስቴይንም ከፕሮቲን ጋር ስለተጣበቀ መጀመሪያ በኬሚካል መላቀቅ አለበት።

ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ፕሮቲኑን አጣርቶ ማውጣት፣ ቅንጣቶቹን ጨው እንዳያጣብቃቸው መሸፈን ይቻላል። ጥያቄዬ ለእኛ ለውጭ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ነው። «ለድሃ አገር የሚሆን ርካሽ ምርመራ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ያለ ሲስቴይን ሞክረነዋል? በእውነተኛ ደም ሠርቷል? ውጤቱን ሆስፒታሎች ከሚጠቀሙበት መለኪያ ጋር አመሳክረናል?

ምርመራው ቢሳሳት እኛ ጽሑፋችንን አሳትመን እንቀጥላለን። «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ግን ያቺ እናት ናት። ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል፤ የእኛው ወርቅ መጀመሪያ በደም ይፈተን።