ከአድራሻ ወደ መስመር፦ የተቋረጠ ፕሮግራም የት ላይ እንደ ቆመ እንዴት እናውቃለን?



አንድ ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ በድንገት ሲቋረጥ ለባለሙያው የሚተወው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በማህደረ ትውስታ ውስጥ የአንድ የማሽን ትእዛዝ አድራሻ ነው። ባለሙያው ግን ፕሮግራሙን የጻፈው በፋይልና በመስመር እንጂ በአድራሻ አይደለም። ከቁጥሩ ተነሥተን «በዚህ ፋይል፣ በዚህ መስመር» ወደሚል መልስ የምንደርሰው እንዴት ነው? መልሱስ እምነት የሚጣልበት መቼ ነው? ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፦ አድራሻ በራሱ ትርጉም የለውም። ትርጉሙ የሚገኘው ፕሮግራሙ በተገነባበት ጊዜ በተጻፈው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ቁጥሩ ዝም ይላል፤ መዝገቡ የሌላ ግንባታ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ይዋሻል።

በመጀመሪያ መዝገቡን እንመልከት። ኮምፓይለር በሲ ቋንቋ የተጻፈን ምንጭ ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ ሲለውጥ የመስመር ቁጥርና የፋይል ስም ለፕሮሰሰሩ ስለማያስፈልጉት ከትእዛዞቹ ውስጥ አይገቡም። የማረሚያ መረጃ እንዲጨምር ካዘዝነው ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ከየትኛው መስመር እንደ መጣ በተለየ ክፍል ይመዘግባል። በሊኑክስ ዓለም ይህ መዝገብ የሚጻፍበት ቅርጽ ድዋርፍ ይባላል። ሥራው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቤል ላብራቶሪዎች ለዩኒክስ የተጀመረ ሲሆን አምስተኛው እትም የወጣው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስሙ ኤልፍ ከተባለው የፋይል ቅርጽ ጋር ተጣምሮ የወጣ ቀልድ ነው፤ ሁለቱም ስሞች በሰሜን አውሮፓ ተረት የሚታወቁ ፍጡራን መጠሪያ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ረድፍ ቢጻፍ ሠንጠረዡ እጅግ ይገዝፍ ነበር። ስለዚህ ድዋርፍ ሠንጠረዡን ራሱን አያስቀምጥም፤ ሠንጠረዡን መልሶ የሚያመነጭ አጭር ፕሮግራም ያስቀምጣል። አንባቢው መሣሪያ ከ1ኛው መስመር ተነሥቶ «አድራሻውን በዚህን ያህል፣ መስመሩን በዚህን ያህል ጨምር፤ ረድፍ ጻፍ» የሚሉ መመሪያዎችን ይፈጽማል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ በአንድ ባይት ይገለጻል። በአንድ ተከታታይ ክፍል ውስጥ አድራሻው ወደ ኋላ አይመለስም፤ መስመሩ ግን ሊመለስ ይችላል። ምክንያቱም ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል የትእዛዞችን ቅደም ተከተል ይለዋውጣል።

የተማሪዎችን ውጤት የሚያሰላ አንድ ትንሽ ፕሮግራም በምሳሌነት እናስብ። ከመዝገቡ ያገኘናቸው ረድፎች እነዚህ ናቸው እንበል፦ አድራሻ 1149 ለ12ኛው መስመር፣ አድራሻ 1155 ለ13ኛው፣ አድራሻ 1162 ለ14ኛው። አድራሻዎቹ በሙሉ የተጻፉት በ16 መሠረት የቁጥር ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የሚቀጥለው ረድፍ እስኪጀምር ድረስ ያገለግላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በ1158 ላይ ከቆመ ስህተቱ የታየው በ13ኛው መስመር ላይ ነው። አድር ቱ ላይን የተባለው የታወቀ መሣሪያ በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ፍለጋ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መነሻ አድራሻ ነው። ከሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የሚደርሰን ቁጥር 1158 ሳይሆን 555555555158 ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ ሥርዓተ ክወናዎች አጥቂዎች ቦታውን አስቀድመው እንዳይገምቱ ሲሉ ፕሮግራሙን በተነሣ ቁጥር በተለያየ ቦታ ይጭኑታል። ስለዚህ ከመዝገቡ ጋር ከማመሳከራችን በፊት ፕሮግራሙ የተጫነበትን መነሻ መቀነስ አለብን። መነሻው 555555554000 ከሆነ ልዩነቱ 1158 ይሆናል። የቤት ቁጥር ብቻ ተነግሮት ቀበሌው ያልተነገረው ሰው ቤቱን እንደማያገኝ ሁሉ፣ መነሻው ያልተመዘገበለት አድራሻም ቦታውን አያመለክትም። በሊኑክስ የማህደረ ትውስታ ካርታ ላይ አንድ ፋይል በብዙ ረድፎች ስለሚታይም፣ እንዲህ ላለው ፕሮግራም የምንቀንሰው የዝቅተኛውን ረድፍ መነሻ እንጂ ትእዛዞቹ ያሉበትን ረድፍ መነሻ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። የስህተት ዘገባ የቆመበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደ ጠራ የሚያሳይ የአድራሻ ሰንሰለትም ይይዛል። ከመጀመሪያው በቀር በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት በተለምዶ የመመለሻ አድራሻዎች ናቸው፤ ማለትም ጥሪው የተደረገበትን ሳይሆን ከጥሪው ቀጥሎ ያለውን ትእዛዝ ያመለክታሉ። በምሳሌያችን የ13ኛው መስመር የመጨረሻ ትእዛዝ ጥሪ ቢሆን የመመለሻው አድራሻ 1162 ይሆናል፤ ሠንጠረዡም 14ኛውን መስመር ይነግረናል። ጥሪው የተደረገው ግን በ13ኛው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመመለሻ አድራሻ ላይ 1 ቀንሶ መፈለግ። 1161 በጥሪው ትእዛዝ ውስጥ ስለሚወድቅ ትክክለኛውን መስመር ይሰጣል። ፕሮግራሙ በቀጥታ የቆመበት አድራሻ ግን አይቀነስበትም።

አራተኛ፣ አንድ አድራሻ ከአንድ በላይ ፈንክሽን ሊኖረው ይችላል። ኮምፓይለሩ ትንንሽ ፈንክሽኖችን ከመጥራት ይልቅ አካላቸውን በጠሪው ውስጥ ይገለብጣል። የመስመር ሠንጠረዡ በዚህ ጊዜ የሚነግረን የውስጠኛውን ፈንክሽን መስመር ብቻ ነው። የትኛው ጠሪ በየትኛው መስመር ላይ እንዳስገባው የሚገኘው በድዋርፍ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ መሣሪያውም ሰንሰለቱን ዘርዝሮ እንዲያሳይ ካልጠየቅነው አያሳይም። ፈንክሽኑ ከ100 ቦታዎች የሚጠራ ከሆነ የውስጠኛውን መስመር ብቻ ማወቅ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። አንዳንድ ትእዛዞች ደግሞ ከየትኛውም መስመር ጋር ስለማይገናኙ ኮምፓይለሩ «0 መስመር» ብሎ ይመዘግባቸዋል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ኮምፓይለሩ የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ ነው።

እስካሁን ያልኋቸው ችግሮች በጥንቃቄ ይታረማሉ። የመጨረሻው ግን ጥንቃቄው አስቀድሞ ካልተደረገ አይታረምም። የማረሚያ መረጃ ብዙ ጊዜ ከትእዛዞቹ ስለሚበልጥ ለተጠቃሚ ከሚሰጠው ፋይል ላይ ተገፎ ይወጣል። ይህ ተገቢ ነው። የተገፈፈው ክፍል ሲጣል ግን ከወራት በኋላ የሚመጣ የስህተት ዘገባ የማይነበብ ይሆናል። ያን ጊዜ «ከዚያው ምንጭ ኮድ እንደገና ብንገነባውስ?» የሚል ሐሳብ ይነሣል። የኮምፓይለሩ እትም፣ የተሰጡት አማራጮች ወይም አንድ ቤተ መጻሕፍት ከተለወጠ ግን አድራሻዎቹ ይዛወራሉ። መሣሪያው ደግሞ አድራሻው የዚህ ግንባታ ይሁን የሌላ አይጠይቅም፤ በቀረበለት ፋይል ውስጥ ፈልጎ ያለማመንታት መስመር ይሰጣል። «አላገኘሁም» የሚል መልስ ባለሙያውን ያስቆመዋል፤ የተሳሳተ መስመር ግን ጤነኛ ኮድ ሲያርም እንዲውል ያደርገዋል፤ እውነተኛው ስህተት በተጠቃሚው ዘንድ ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ መድኃኒቱ የግንባታ መለያ ነው። ሊንከሩ ከፋይሉ ይዘት የተሰላ፣ ብዙ ጊዜ 20 ባይት የሆነ አሻራ በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። የማረሚያ መረጃው ሲገፈፍ አሻራው በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ ይቀራል። የስህተት ዘገባው ይህን መለያ ከያዘ ትክክለኛውን መዝገብ ያለ ግምት እናገኛለን። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከኤልፍዩቲልስ ጋር የቀረበው ዲበግኢንፎዲ የተባለው አገልግሎት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ መለያውን ተቀብሎ ተዛማጁን የማረሚያ ፋይል በኔትወርክ ይልካል።

ውድ ተማሪዎች፤ አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የመመረቂያ ሥራችሁንም ሆነ ነገ በመሥሪያ ቤት የምትገነቡትን ፕሮግራም ለተጠቃሚ ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አረጋግጡ። የማረሚያ መረጃው መመረቱን፤ የተገፈፈው ክፍል በግንባታ መለያው ተሰይሞ መቀመጡን፤ የስህተት ዘገባውም ከአድራሻው ጋር መነሻውንና መለያውን መያዙን። ሦስቱም በግንባታው ዕለት የሚጠይቁት ድካም አነስተኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ከተቋረጠ በኋላ ግን በማንኛውም ድካም አይተኩም።