ስለ ዓሣ ማሳደጊያ አሸዋ

በጉራጌ አገር በአታት ሳለን ለልጆቻችን ደስታ ብለን የመስተዋት ዓሣ ቤት አቆምን። ነገር ግን ኖራ ከተቦካበት ሥፍራ የተዛቀውን አሸዋ ሳናጥብ ብናነጥፈው ውሃው ደፈረሰ፤ በሦስተኛውም ቀን ሁለቱን ወርቃማ ዓሦች ሞተው አገኘናቸው። ታናሺቱ ልጃችን «አባባ፤ ምን በደሉ?» ብላ ስትጠይቀን የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ ሌላው ቤተ ሰብ እንዲህ እንዳይደርስበት የተማርነውን እንጽፋለን።

አስቀድሞ አሸዋው ከዋቤ ወንዝም ይምጣ ከሌላ ስፍራ፤ መመርመር ይገባዋል። ጥቂቱን ወስዶ ኮምጣጤ ማፍሰስ ነው፤ አረፋ ቢያወጣ ኖራ ወይም ዛጎል አለበትና ይተው። ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው። እጅግ የላመው ተጣብቆ አየር ያሳጣል፤ በሻካራው መካከል ደግሞ የምግብ ፍርፋሪ ገብቶ ይበሰብሳል።

ከዚህ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በባልዲ ደጋግሞ ማጠብና ማፍላት ነው፤ ሳሙና ግን ፈጽሞ አይንካው። ሲነጠፍም ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ከዚህ የበዛ እንደ ሆነ ከሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ውሃው አሸዋውን እንዳይቆፍረው በሳሕን ላይ በቀስታ ይፍሰስ።

ዓሦቹም ወዲያው አይግቡ። የዓሣውን እድፍ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ረቂቃን ሕያዋን በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ፣ ጥቂት ምግብ እየተጣለበት ሳምንታት መቆየት ያሻል።

እኛም በሁለተኛው ጊዜ ታግሠን ይህን ሁሉ ፈጸምን። አሁን አሸዋውን የምታጥበው ያች የጠየቀችን ልጃችን ናት።