ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መንገድ ማን ያበድራል?

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ ብዙ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም መጀመሪያ ቻይናን ሲጎበኙ ያች አገር 84 ሚሊዮን ዶላር ያለ ወለድ ለማበደር ተስማማች። ሥራው የተከናወነው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነበር። ተበዳሪው መንግሥት ወርዶ ሌላ ቢተካም ብድሩ መንገድ ሆኖ ቀረ፤ የላይ ጋይንት ገበሬም እስካሁን እህሉን በዚያው ያወጣል።

ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። በጉና ዙሪያ ያለው ደጋ ገብስና ድንች ያመርታል። የታች ጋይንትና የስማዳ መሬት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እያቆለቆለ ጤፍና ማሽላ ይዘራበታል። ማሽላው ጎተራ ገብቶ ገበያ ሊጠብቅ ይችላል፤ ድንቹ ግን አይጠብቅም። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ገደል ለገደል የተዘረጋው የቀበሌ መንገድ ዝናብ ሲመታው ደግሞ መኪና አይገባም። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ በየኩንታሉ ላይ የጭነቱን ችግር አስልቶ ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ገበሬው መንገድ ባይኖረውም የመንገድ ወጪ ከመክፈል አልዳነም።

«አገሪቱ የልማት ባንክ እያላት ለእኛ መንገድ ለምን ገንዘብ አይደርስም?» ብሎ መጠየቅ ታዲያ ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ከባንኩ አመሠራረት ነው።

የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1901 ዓ.ም ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ ከተቋቋመው ማኅበር ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእርሻ ባንክ ተቋቋመ። በመስከረም 1943 ዓ.ም ደግሞ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያዎቹን ብድሮች አገኘች። 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ጥገና፣ 2 ሚሊዮን ዶላሩ ለልማት ባንክ ነበር። የመንገዱን ገንዘብ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ያዘው፤ የባንኩ ገንዘብ ለእርሻና ለፋብሪካ ብድር ሆነ። መንገድና ልማት ባንክ ከጅምሩ የተለያዩት በዚህ ነው። ባንኩ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ቢለውጥም፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የእርሻና ኢንዱስትሪ ልማት ባንክ ቢባልም፣ ክፍፍሉ አልተለወጠም። ዛሬም ቢሆን የሚያበድረው ለዘመናዊ እርሻ፣ ለግብርና ምርት ማቀነባበሪያና ለማምረቻ ኢንዱስትሪ ነው።

ለዚህ ብድር የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? በ2003 ዓ.ም የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለአምስት ዓመት የሚቆይ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት አስገደደ። ሰነዱ መጀመሪያ ይከፍል የነበረው ወለድ 3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ልማት ባንክ አልፎ ለፕሮጀክት ዋለ። ግዴታው በ2012 ዓ.ም ተነሳ። በዚያው በ2003 ዓ.ም መጋቢት 24 ቀን የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ደግሞ ቦንድ ተሸጠ፤ በየወረዳው ገበሬውም ሠራተኛውም ገዛ። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ይህ ሕዝብ ከራሱ ቆጥቦ ትልቅ ሥራ መሥራት እንደሚችል ማረጋገጫ ነው።

ገንዘብ መሰብሰቡ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ልማት ባንክ በጋምቤላና በሌሎች አካባቢዎች በዝናብ ለሚለሙ ሰፋፊ እርሻዎች ካበደረው ገንዘብ ብዙው ሳይመለስ ቀረ። በአንዳንድ ቦታ አንዱ መሬት ለሁለት ባለሀብት ተሰጥቶ ተገኘ። በ2011 ዓ.ም ገደማ ከባንኩ ብድር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የተበላሸ ብድር ነበር። የንግድ ባንክም ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ባበደረው ሳቢያ እንዲሁ ተጫነና መንግሥት በ2017 ዓ.ም ወደ 900 ቢሊዮን ብር በሚጠጋ ቦንድ ሊደግፈው ግድ ሆነ። የሕዝብ ባንክ ሲከስር ኪሳራውን የሚሸከመው በመጨረሻ ግብር ከፋዩ ነው፤ ትራክተሩን አይቶት የማያውቀው የእስቴ ገበሬ ጭምር።

ባንክ ብድር ይሰጣል እንጂ ችሮታ አይሰጥም። የኤሌክትሪክ ኃይል ተሸጦ ብድሩን ይከፍላል። የቀበሌ መንገድ ግን ጥቅሙ በየገበሬው ጓዳ ተበትኖ የሚቀር ስለሆነ ለባንኩ ወለድ የሚከፍልለት የለም። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎች የቀበሌ መንገድን ከባንክ ሳይሆን ከበጀት፣ ከሁሉን አቀፉ የገጠር መንገድ ፕሮግራምና ከሴፍትኔት ቢጠብቁ ይሻላል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍትኔት የታቀፉ ናቸው። በፕሮግራሙ አንድ ተጠቃሚ በወር 5 ቀን ይሠራል፤ በዚህ ጉልበት እርከንና መጋቢ መንገድ ተሠርቷል። በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ የሚሰበሰበውና በ1989 ዓ.ም የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ደግሞ ለጥገና ነው። አዲስ መንገድ ተመርቆ ጠጋኝ ካጣ በሁለት ክረምት ጅረት ይሆናል፤ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነውና ምረቃ የሚወድ ኃላፊ ሁሉ ቢያስበው ደግ ነው።

ባንኩ ሊገባበት የሚችለው ሌላ ቦታ ነው፤ የዘር ድንች ማቆያ፣ የገብስ መጋዘን፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የጭነት መኪና። እነዚህ ገቢ ያመጣሉ፤ ዕዳቸውን ይከፍላሉ። ችግሩ የዋስትና ነበር። በክልሉ በ2009 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ ፈቅዷል፤ በ2016 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህንኑ በአገር ደረጃ አጽንቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ከብትንና ምርትን ለዋስትና ያበቃል። ሆኖም የመሬት መብትን ማስያዝ ቀላል ነገር አይደለም። ድርቅ በደጋገመው ቀበሌ ለብቻው ተበድሮ ማሳውን የሚያስይዝ ገበሬ አንድ ዓመት ዝናቡ ቢቀርበት ለዓመታት የሚያርሰው መሬት ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ማኅበር ተበድሮ መጋዘኑን ራሱን ቢያስይዝ ግን አደጋው ይከፋፈላል።

ገበሬዎች የራሳቸውን ባንክ ስላቋቋሙበት አገር ማንሳት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ስንዴ አምራቾች የሌላ ክልል ባንኮች ወለድ ስላስመረራቸው ተደራጅተው የክልላቸውን ምክር ቤት ያዙና እ.ኤ.አ በ1919 የክልሉን ባንክ አቋቋሙ። የክልሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀመጠው በዚያ ባንክ ነው። ባንኩ በአብዛኛው ከትናንሽ የአካባቢ ባንኮች ጋር ተጋርቶ ያበድራል፤ ለትናንሽ ከተሞች የመሠረተ ልማት ሥራም በዝቅተኛ ወለድ ይሰጣል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውም ተበዳሪውን በቅርብ ከሚያውቀው የአካባቢ ባንክ ጋር ስለሚሠራ ጭምር ነው።

በእኛ ክልል ለዚህ የሚቀርበው ፀደይ ባንክ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሆኖ ጀምሮ በ2014 ዓ.ም ወደ ባንክነት አድጓል፤ ገበሬውን በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ልማት ባንክ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ገንዘብ ቢያቀርብ፣ ፀደይ ደግሞ ተበዳሪውን ቢመርጥና ቢከታተል፣ የጋምቤላው ዓይነት ብድር በእስቴ አይደገምም ብሎ ማሰብ ይቻላል። ይህ ግን የሁለቱን ባንኮች ስምምነት ይጠይቃል። ስምምነቱ ቢመጣ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሒሳቡ በወቅቱ የተመረመረ ማኅበር፣ የታወቀ የመጋዘን ቦታና ድንቹን ለማን እንደሚሸጥ የሚያሳይ ውል ይዞ መቅረብ ይጠበቅበታል። ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው፤ እርሱን ለማሟላት ደግሞ የአዲስ አበባን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም።